ፖድካስት ከየት ይገኛል? ለሰውስ እንዴት ይላካል? ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

ጓደኞቼ «ምን እየሰማህ ነው?» ይሉኛል። ስነግራቸው «እሱን ደግሞ ከየት አገኘኸው?» ይከተላል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ መመለስ ሰለቸኝና አንድ ላይ ሰብስቤ ጻፍኩት። የማወራው በቴክኖሎጂ፣ በፈጠራ ሥራና በባህል ላይ ስለሚያተኩሩ ፖድካስቶች ነው። የእግር ኳስ የሚፈልግ ሌላ ሰው ይጠይቅ፤ እኔ የለሁበትም። ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፖድካስት ከሬዲዮ በምን ይለያል?

ሬዲዮ ሰዓቱን ጠብቃችሁ የምትከፍቱት ነው። ካመለጣችሁ አመለጣችሁ። ፖድካስት ግን ስልካችሁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ወጥ እያማሰላችሁ፣ ታክሲ ተሰልፋችሁ፣ ልብስ እያሰጣችሁ ትሰሙታላችሁ። ስልክ ሲደወል ይቆማል፤ ስትመለሱ ካቆማችሁበት ይቀጥላል።

ከጀርባው ያለው አርኤስኤስ የሚባል ቀላል የጽሑፍ ፋይል ነው። አዘጋጁ አዲስ ክፍል ባወጣ ቁጥር እዚያ ፋይል ላይ «ድምፁ እዚህ ቦታ ተቀምጧል» የሚል ነገር ይጨምራል። የእናንተ መተግበሪያ ደግሞ ፋይሉን በየጊዜው እየሄደ ያያል። አዲስ ነገር ካገኘ ያመጣላችኋል። በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ድምፅን እንዲህ ከአርኤስኤስ ጋር ማያያዝ የተጀመረው በ2000 መጨረሻ ላይ ነው። ከነገሩ ጋር ስማቸው አብሮ የሚነሳው ፕሮግራመሩ ዴቭ ዋይነርና የቀድሞው የኤምቲቪ አቅራቢ አዳም ከሪ ናቸው።

ስሙ ከነገሩ ዘግይቶ ነው የመጣው። በፌብሩዋሪ 2004 ቤን ሃመርስሊ የሚባል ጋዜጠኛ ስለዚህ አዲስ ነገር ጋርዲያን ላይ ጻፈ። «ምን ብለን እንጥራው?» ብሎ ከደረደራቸው ስሞች አንዱ ፖድካስት ነበር። ራሱ በኋላ እንደተናገረው፣ ጽሑፉ ለገጹ ትንሽ አጥሮበት ቦታ ለመሙላት የጨመራት ዓረፍተ ነገር ናት። አይፖድንና ብሮድካስትን አጋብቶ አንድ ቃል ወለደ። አይፖድ በ2022 መመረቱ ቆመ። ስሙ ግን ይኸው እኛም አፍ ውስጥ ገብቷል።

ልማዱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ሰው ሬዲዮ ዙሪያ ይሰበሰብ እንደነበር ታላላቆቻችን ያወራሉ። ያኔ የጠፋው «አቁምና ቆይተህ ቀጥል» የሚለው ቁልፍ ብቻ ነበር።

ዩቲዩብ ላይ ሁለት ሰው ማይክ ይዞ ካወራ ፖድካስት ነው?

በጥንቱ ትርጉም አይደለም። ግን አገር ምድሩ ፖድካስት ብሎታል፤ ከአገር ጋር አልከራከርም። ልዩነቱ የሚሰማችሁ ኪሳችሁና ባትሪያችሁ ላይ ነው። ዩቲዩብ በነጻ ስትጠቀሙት ስክሪኑ ሲጠፋ ድምፁም ይጠፋል። ምስሉም ባታዩት ዳታችሁን ይበላል። ስለዚህ አዘጋጅ የሆነ ወዳጅ ካላችሁ ድምፁን ለብቻው በአርኤስኤስ እንዲያወጣ ለምኑልኝ። የሁለት ሰዓት ወሬ ለመስማት የሁለት ሰው ፊት አውርዶ መክፈል ግፍ ነው።

የትኛውን መተግበሪያ ልጫን?

አንድሮይድ ከሆነ አንቴናፖድ። ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ «ተመዝገቡ» ብሎ አይጨቀጭቅም። የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አይፎን የያዘ ሰው አብሮት የሚመጣው አፕል ፖድካስትስ ይበቃዋል። ሁለቱም ቤት ለሚመላለስ ፖኬት ካስትስ አለ። ሙዚቃ ስፖቲፋይ ላይ የሚሰማ ሰው እዚያው መቆየቱ ይቀለዋል።

አንድ ምክር ግን አለኝ። የምትከታተሏቸውን ዝርዝር አልፎ አልፎ ወደ ፋይል አውጥታችሁ አስቀምጡ። መተግበሪያዎቹ «ኦፒኤምኤል ኤክስፖርት» የሚሉት ነው። ስቲቸር በ2023 ተዘጋ። ጎግል ፖድካስትስም በ2024 ተዘጋ፤ ያን የሚያህል ኩባንያ እንኳ ጥሎት ሄደ። ፋይሉን የያዘ ሰው ሌላ መተግበሪያ ላይ ጭኖ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ኑሮውን ቀጠለ። ያልያዘው ደግሞ «ያ የሰውዬው ፖድካስት ስሙ ማን ነበር?» እያለ ይጠይቀኛል።

ዳታ ይበላል?

ከምታስቡት በታች ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ንግግር ብቻ ያለበት ድምፅ ብዙ ጊዜ በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ይቀዳል። ይህ በሰዓት 29 ሜጋባይት አይሞላም። ሙዚቃ ያለበት፣ በ128 የተቀዳው ደግሞ በሰዓት ወደ 58 ሜጋባይት ነው። ቪዲዮ ግን በመካከለኛ ጥራትም ቢሆን የዚህን ብዙ እጥፍ ይወስዳል።

እኔ መተግበሪያውን «በዋይፋይ ብቻ አውርድ፣ ሰምቼ ስጨርስ ደምስስ» ብዬ አስተካክዬዋለሁ። ቢሮ ስደርስ ራሱ ያወርዳል፤ ማታ ታክሲ ውስጥ ያለ ካርድ እሰማለሁ። ዩቲዩብ ላይ ብቻ ያለ ነገር ከሆነ ጥራቱን ወደ 144 አውርዱት። ፊታቸው ይደበዝዛል፤ ድምፃቸው ግን አይጠፋም።

በአማርኛ ስፈልግ ምንም አይመጣም። ለምን?

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፊደላችን ነው። ማለቴ የፍለጋ ሳጥኑ ፊደላችንን አለማወቁ። እኛ «ሥነ ጥበብ»፣ «ስነ ጥበብ» እና «ሥነጥበብ» አንድ እንደሆኑ እናውቃለን። ማሽኑ ሦስት የተለያዩ ቃላት ያደርጋቸዋል። «ዓለም» ብላችሁ ስትፈልጉ «አለም» ተብሎ የተጻፈው ሊያመልጣችሁ ይችላል። «ታሪክ» ላይ ችግር የለም። «ሳይንስ» ላይም የለም። «ባህል» ላይ ግን አለ፤ «ባሕል» የሚጽፍ አለና። ራሱ «ፖድካስት» እንኳ «ፓድካስት» ተብሎ ይጻፋል።

ስለዚህ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ያለበት ቃል ካለ ሁለት ሦስቴ እየቀያየራችሁ ሞክሩ። ከዚያ ቃሉን በላቲን ፊደል ጻፉት። ብዙ የአማርኛ ፖድካስት ርዕሱን በላቲን ነው የሚጽፈው፤ ለምን እንደሆነ አይገባኝም፣ ግን እውነታው ይኸው ነው።

ከሁሉ የበለጠ የረዳኝ ግን ሌላ ዘዴ ነው። የፖድካስቱን ስም ትቼ የሰውን ስም እፈልጋለሁ። አንድ ሠዓሊ፣ አንድ አርክቴክት፣ አንድ ሙዚቀኛ ይዤ እነሳለሁ። ሙላቱ አስታጥቄ ማን ቤት እንግዳ ሆነ? ብዬ ስፈልግ፣ ከዚያ በፊት ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው አዘጋጆች ይመጡልኛል። (የሙላቱን የአባት ስም በላቲን ስትጽፉ ደግሞ ፈረንጆቹ በሁለት በሦስት መንገድ እንደሚጽፉት አትርሱ።) ሊሰን ኖትስ የሚባለው የፖድካስት መፈለጊያ ለዚህ ጥሩ ነው። የክፍሎችን ርዕስና መግለጫ ስለሚያስስ በእንግዳ ስም ያገኝላችኋል።

መተግበሪያው ራሱ «ይህን ትወዳለህ» ብሎ የሚያመጣውን ብዙም አትመኑ። አንድ የአማርኛ ስብከት ከሰማሁ በኋላ ለወራት የሚያመጣልኝ ስብከት ብቻ ነበር። ቋንቋውን እንደ ርዕስ ቆጥሮት ይሆናል።

ስለ ቴክኖሎጂ ከየት ልጀምር?

በአማርኛ ከሆነ ዶይቸ ቬለ። የአማርኛ ክፍሉ ከ1965 ጀምሮ የሚያሰራጭ ነው፤ «ሳይንስ እና ቴክኖሎጂ» የሚል ቋሚ መሰናዶ አለው። አጭር ነው፣ የተጠና ነው፣ ማውረድም ይቻላል። አልፎ አልፎ ይደርቅብኛል፤ ግን የሚያወራውን የሚያውቅ ሰው አቅርቦ ስለሚጠይቅ ይካሳል።

በእንግሊዝኛ ዳርክኔት ዳየሪስን የማልመክርለት ሰው የለም። ጃክ ሪሳይደር በ2017 የጀመረው ነው። የመረጃ ጠለፋ ታሪኮች ናቸው፤ እንደ ወንጀል ልብ ወለድ ይተረካሉ። ኮምፒውተር የማያውቅ ሰው ይገባዋል፤ የሚያውቅ አይሰለቸውም። የኢራንን የዩራኒየም ማበልጸጊያ መሣሪያዎች ስላበላሸው ስታክስኔት ስለሚባል የኮምፒውተር ቫይረስ የሠራውን ክፍል ከሰማሁ በኋላ የወደቀ ፍላሽ አንስቼ ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ አላውቅም። የሳምንቱን ዜና በፌዝ መልክ ለሚፈልግ ደግሞ የኒው ዮርክ ታይምሱ ሃርድ ፎርክ አለ። እሱ የሲሊከን ቫሊ መንደር ወሬ ይበዛዋል። ስትፈልጉ ዝለሉት።

ስለ ፈጠራ ሥራስ?

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ የምወደው ቦታ ነው።

ሶንግ ኤክስፕሎደር የሚባል አለ። ሪሺኬሽ ሂርዌይ የሚባል ሙዚቀኛ በ2014 ጀመረው። አንድ ሙዚቀኛ አንድ ዘፈኑን ብትን አድርጎ ያሳያል። ከበሮውን ብቻ ያሰማችኋል። ከዚያ ቤዙን። ከዚያ ጓዳ ውስጥ በስልክ የቀዳትን የመጀመሪያዋን ዜማ፣ ያውም ግጥም ያልነበራትን። መጨረሻ ላይ ሙሉ ዘፈኑ ይመጣል። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ያው ዘፈን ሌላ ዘፈን ይሆንባችኋል። አዘጋጁ የራሱን ጥያቄዎች ቆርጦ ያወጣቸዋል፤ የሚሰማው የእንግዳው ድምፅ ብቻ ነው። ጥያቄው ከመልሱ የሚረዝምበትን የኛን ቃለ መጠይቅ ለለመደ ጆሮ ይህ ዕረፍት ነው። አንድ ሰው ይህን በአማርኛ ቢሠራው እላለሁ ሁልጊዜ። አንድ የትዝታ ዜማ ተበትኖ ክራሩ ለብቻው፣ ማሲንቆው ለብቻው ሲሰማ አስቡት።

ሁለተኛው ናይንቲ ናይን ፐርሰንት ኢንቪዚብል ነው። ሮማን ማርስ በ2010 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ለአንድ የሬዲዮ ጣቢያ በአራት አምስት ደቂቃ ቁራጮች ጀመረው። ስለ ዲዛይን ነው። ዲዛይን ሲባል ፋሽን አይምሰላችሁ። የመንገድ ምልክት፣ የበር እጀታ፣ የውሃ መውረጃ ክዳን፣ የከተማ ባንዲራ። በየቀኑ እያየን የማናየው ነገር ሁሉ። ይህን መስማት ከጀመርኩ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ስሄድ ፍጥነቴ ቀንሷል። የአሮጌ ቤት በረንዳ ባየሁ ቁጥር ቆሜ እንጨቱን አያለሁ።

ሦስተኛው ስለ ድምፅ ብቻ የሚያወራው ትዌንቲ ታውዘንድ ኸርትዝ ነው። ስሙ የሰው ጆሮ ሊሰማው የሚችለው የላይኛው ወሰን ነው። በጥሩ ኢርፎን ስሙት።

ስለ ባህልስ?

በአማርኛ ትልቁ ሀብት አሁንም ከሬዲዮ የመጣው ነው። መዓዛ ብሩ በሸገር ኤፍኤም 102.1 «የጨዋታ እንግዳ» ላይ የምታደርጋቸው ረጃጅም ጨዋታዎች የአንድ ትውልድ የሕይወት ታሪክ መዝገብ ናቸው። ሰውን አታጣድፍም። እንግዳው ዝም ሲል ዝም ትላለች፤ ከዚያ ዝምታ በኋላ የሚመጣው ነገር ነው የሚሰማው። የእሸቴ አሰፋ «መቆያ»ም እዚያው ቤት ነው። ሁለቱም ዩቲዩብ ላይ ይገኛሉ። ከአውስትራሊያ ኤስቢኤስ አማርኛ በፖድካስት መተግበሪያዎች ሁሉ አለ፤ ከኪነ ጥበብ ሰዎች ጋር የሚያደርጋቸውን ቃለ መጠይቆች እየመረጣችሁ ስሙ።

በእንግሊዝኛ አፍሮፖፕ ወርልድዋይድ ከ1988 ጀምሮ የአፍሪካን ሙዚቃ ሲያስደምጥ የኖረ ነው። ማህደሩ ውስጥ ገብታችሁ ኢትዮጵያ ብላችሁ ፈልጉ።

አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ግን ቢቢሲ ሬዲዮ 4 በ2017 ስለ ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት ስለ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ያቀረበውን ዘጋቢ ዝግጅት እመርጣለሁ። ኬት ሞለሰን ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዳ፣ ገዳሙ ውስጥ አግኝታቸው የሠራችው ነው። ርዕሱን አልወደድኩትም፤ «ዘ ሆንኪ ቶንክ ነን» ይላል። የመሸታ ቤት ፒያኖ ስም ለመነኩሲት ምን ያደርግላቸዋል? ዝግጅቱ ግን በአክብሮት የተሠራ ነው። እማሆይ በማርች 2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ድምፃቸው እዚያ አለ።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ልተወው?

አትተዉት። ምርጫውን ግን አስተካክሉ። ሬዲዮላብ የመሰለው፣ ድምፅ በድምፅ ላይ የሚደራረብበት፣ ለጀማሪ ጆሮ ይከብዳል። ሶንግ ኤክስፕሎደር ግን አንድ ሰው ብቻ ረጋ ብሎ ያወራል፤ ከሱ ጀምሩ። ፍጥነቱን ወደ 0.8 አውርዱት። አፕል ፖድካስትስ ከማርች 2024 ጀምሮ የሚነገረውን በጽሑፍ ያሳያል፤ እያነበባችሁ መስማት ይቻላል። ናይንቲ ናይን ፐርሰንት ኢንቪዚብልም በገጹ ላይ ታሪኩን ከነፎቶው ያስቀምጣል። አንብባችሁ ከዚያ ብትሰሙት ማንም አይከሳችሁም።

በ1.5 ፍጥነት ብሰማስ?

ዜና ከሆነ ስሙ። መዓዛ ብሩን በ1.5 የሚሰማ ሰው ግን ቡናውን በስትሮ ይጠጣ።

አንድ ፖድካስት ጥሩ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ከመጀመሪያው ክፍል አትጀምሩ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ ላይ መጥፎ ነው፤ ማይኩ ያፏጫል፣ ሳቁ ይበዛል። መሀል ላይ ስለምታውቁት ነገር የሚያወራ አንድ ክፍል ፈልጉ። የልብስ ስፌት የምታውቅ ስለ ስፌት የተሠራውን ትስማ። በምታውቁት ጉዳይ ላይ ካልተሳሳቱ፣ በማታውቁትም ልታምኗቸው ትችላላችሁ። አሥር ደቂቃ ሰምታችሁ አሁንም «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ሰብስክራይብ አድርጉ» ላይ ከሆኑ ዝጉት።

የሰማሁትን ሁሉ ልመን?

አይሆንም። ቀስ ብሎ የሚያወራ ሰው ሁሉ አዋቂ ይመስላል፤ የማይክ ተንኮል ነው። «ጥናቶች ያሳያሉ» ብሎ የትኛው ጥናት እንደሆነ የማይናገረውን ተጠንቀቁት። በወሬው መሀል የሚሸጥ ዱቄት ወይም ኮርስ ካለ ደግሞ ወሬው ማስታወቂያ ነው።

አሁን ደግሞ ሰው የሌለባቸው ቻናሎች መጥተዋል። ማሽን ያነባል። በአማርኛ መለየት አይከብድም፤ የሚጠብቀውና የሚላላው ይምታታበታል። «ዋና» ጠብቆ ሲነበብ ቀዳሚ ማለት ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ውሃ ውስጥ የሚዋኘው። «ገና» ጠብቆ በዓሉ ነው፤ ላልቶ «አሁንም አልደረሰም» ነው። «የከተማዋ ዋና መንገድ» ሲል ሰዎቹ መንገዱ ላይ የሚዋኙ ከመሰላችሁ፣ የሚያወራው ሰው አይደለም።

ሊንክ ብልክ ማንም አይከፍተውም። ምን ላድርግ?

ይህችን ጥያቄ ከራሴ አውቃታለሁ። አንድ ማታ በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ሰባት ሊንክ ተራ በተራ ለቀቅኩ። አንዱ ብቻውን ሁለት ሰዓት ነው። ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ከሦስት ቀን በኋላ አክስቴ ደውላ «ልጄ፣ ስልክህ ቫይረስ ገባበት እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ጠባዬን ቀየርኩ። ለግሩፕ አልክም። ለአንድ ሰው አንድ ክፍል እልካለሁ። ሊንኩን ብቻውን ደግሞ አልልክም፤ ሦስት ነገር እጽፍበታለሁ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ከየት እንደሚጀምር፣ እና ለምን አንተን እንዳስታወሰኝ። ወንድሜ የቤት ዕቃ ይሠራል። ስለ ወንበር ዲዛይን የሚያወራ አንድ ክፍል ስልክለት እንዲህ ጻፍኩ፦

«22 ደቂቃ ነው። መግቢያውን እለፈው፣ ከ4ኛው ደቂቃ ጀምር። ሰውዬው ወንበር ከመሥራቱ በፊት የሚለካው እንጨቱን ሳይሆን የተቀማጩን ጉልበት ነው ይላል። ለእማዬ የሠራህላት ወንበር ትዝ አለኝ።»

በዚያው ማታ ሰማው። ደወለና ሰውዬው ተሳስቷል ብሎ ግማሽ ሰዓት ተከራከረኝ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

የደቂቃው ነገር ቀላል ነው። ዩቲዩብ ሊንክ ስታጋሩ «ከዚህ ሰዓት ጀምር» የሚል ምርጫ አለው። ስፖቲፋይና ፖኬት ካስትስም እንዲሁ። ሰው ከፍቶ ወዲያው ጨዋታው መሀል ይገባል፤ የሦስት ደቂቃ ማስታወቂያ አይጠብቀውም።

ለታላቅ ሰው ከሆነ ጽሑፉን ተዉት። «እትዬ፣ እንደምን አሉ? ይቺን ይስሟት፤ እርስዎ የሚያውቁት ሰፈር ነው የሚወራው» ብላችሁ የሃያ ሴኮንድ ድምፅ ቅዱና ሊንኩን ከሥሩ አድርጉ። ሰማያዊ ጽሑፍ ብቻ የሚፈሩ ሰዎች የልጃቸውን ድምፅ ይከፍታሉ።

እና ሰምታችሁ ያልጨረሳችሁትን አትላኩ። ይታወቃል።

ድምፁን አውርጄ ቴሌግራም ቻናሌ ላይ ብጭነውስ?

ለእናታችሁ ኔትወርክ በማይይዝበት ቦታ ፋይሉን ብትልኩ ካሴት እንደ ማዋስ ነው፤ ማንም አይቀየማችሁም። ቻናል ከፍታችሁ፣ የራሳችሁን አርማ ለጥፋችሁ፣ የሰው ሥራ ብትደረድሩ ግን ሌላ ነው። የአዘጋጁ ሥራ የሚቆጠረው ፋይሉ ካስቀመጠበት ቦታ በወረደ ቁጥር ነው። ቴሌግራም ላይ አሥር ሺህ ሰው ቢሰማው እሱ ጋ ዜሮ ነው የሚታየው። በዜሮ ማስታወቂያ አይመጣም፤ ያለ ማስታወቂያ ደግሞ በሦስተኛው ወር ይቆማል። አገራችንም በ1996 ዓ.ም. የወጣ የቅጂ መብት አዋጅ አላት፤ ቁጥሩ 410 ነው፤ የድምፅ ቅጂንም ይጠብቃል። በካሴት ዘመን ዘፋኞቻችን በኮፒ ምን እንደደረሰባቸው እናውቃለን።

ቻናል ካላችሁ ሊንኩን አድርጉና ለምን እንደወደዳችሁት ሁለት መስመር ጻፉበት። ሰው የሚከተላችሁ ለዚያች ሁለት መስመር ነው።

ኮከብ መስጠትና አስተያየት መጻፍ ይጠቅማል?

አዘጋጁን ደስ ይለዋል። አዲስ አድማጭ የማምጣት ኃይሉ ግን ለአንድ ወዳጅ ከመንገር ያንሳል።

አብሮ የሚሰማ ቡድን መመሥረት እንችላለን?

እኛ አራት ነን፤ በወር አንዴ እንገናኛለን። መጀመሪያ ላይ «ሁላችሁም ሰምታችሁ ኑ» አልን። ማንም ሰምቶ አልመጣም። አሁን እዚያው ቁጭ ብለን እንሰማለን። ቡናው ሲቆላ እንከፍታለን፤ ቶናው ሲቀዳ ያልቃል። ከ40 ደቂቃ በላይ የሆነ አንመርጥም። ማንም ሰው እጁን አንስቶ «አቁሙት» ማለት ይችላል፤ ጭቅጭቁ ከዚያ ይጀምራል። በረካው የጭቅጭቁ ነው።

ውጭ ያሉ ዘመዶቼ ልጆች አማርኛ ሲሰሙ ይደብራቸዋል። ምን ልላክላቸው?

ዋሽንግተን ያለ ወዳጄ ታክሲ ይነዳል። ቀኑን ሙሉ የአማርኛ ታሪክ ይሰማል። ልጁ መኪናው ውስጥ ስትገባ ኢርፎኗን ትሰካለች። «አማርኛ አድምጪ» ማለቱን ትቶ አንድ ቀን የእማሆይን የእንግሊዝኛ ዝግጅት ከፈተላት። ፒያኖ ትማራለች ልጅቷ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ከሷ ነው የመጣው፤ የእማሆይን ድምፅ ሰምታ «ምን አሉ?» ብላ።

እስራኤል ላሉት የሕዝብ ማሰራጫው ካን በአማርኛ ያሰራጫል። ወላጅና ልጅ ሁለት ቋንቋ ይዘው በሚኖሩበት ቤት፣ አንድ ታሪክ በሁለቱም ቋንቋ ካገኛችሁ ሁለቱንም ላኩ።

የራሴን ብጀምርስ?

ጀምሩ። ስልካችሁ ይበቃል። ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ ማረሚያ ነጻ ነው። ክፍሉ ካስተጋባ መስኮቱ ላይ ጋቢ ስቀሉ። የቆርቆሮ ጣሪያ ከሆነ ክረምት ከሰዓት በኋላ አትቅዱ፤ እኔ አንድ ሙሉ ቃለ መጠይቅ ለዝናብ ገብሬያለሁ። ሦስት ክፍል ሳታዘጋጁ የመጀመሪያውን አታውጡ። ርዕሱን በፊደላችንም በላቲንም ጻፉ፤ የእንግዳውን ሙሉ ስም አትርሱ። ከላይ እንደነገርኳችሁ እኔ የምፈልጋችሁ በሱ ነው።

አንተስ አሁን ምን እየሰማህ ነው?

ትናንት ማታ የእማሆይን ለሦስተኛ ጊዜ ሰማሁት። ለአክስቴ ልልክላት ነው። እንግሊዝኛ አትሰማም። ስለዚህ ወሬው ቀንሶ ፒያኖው የሚበዛበትን ደቂቃ እየፈለግኩላት ነው።